የአማከለች ፎቶግራፎች ጀርባ

መስከረም 21 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ወረታ

ዛሬ ከቀትር በኋላ ከአዲስ አበባ አምስት ሰዎች በላንድሮቨር መጡ። አለቃቸው ደሳለው ይባላል። ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስለኝም፤ ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥ እንኳ አያወልቅም። ፊልም ሊሠሩ ነው የመጡት። ስለ አማከለች።

ስሟን ሲጠራ በር ላይ ቆሜ ነበር። ግቡ ማለትን ረስቼ ብዙ አቆምኳቸው።

“በጠላት ጊዜ የሆነውን እንደ እርስዎ ጠንቅቆ የሚያውቅ የለም አሉን፣ መምህር” አለኝ። “ሴት ሆና፣ የፎቶግራፍ መሣሪያ ተሸክማ፣ ከአርበኛው ጋር ጦር ሜዳ የዋለች። ይህን የሚያህል ታሪክ እዚህ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ሲገኝ ምን ይባላል?”

“ጭቃው በጥቅምት ይደርቃል” አልኩት።

ከእኔ የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው። የጽሑፋቸውን ስህተት እንዳርም፣ ይዘውት የመጡት አልበም ውስጥ ያሉትን ሰዎች በስም እንድለይ፣ አማከለችን ሆና የምትሠራውን ልጅ የመሣሪያ አያያዝ እንዳሳያት። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራ ይዞ ደጄን የመታ ሰው የለም። እሺ አልኩ። ፈጥኜ ነው እሺ ያልኩት።

መስከረም 23፣ እሑድ

ጽሑፉ ሰማንያ ስድስት ገጽ ነው። ከቅዳሴ መልስ በቀይ እርሳስ አነበብኩት።

በገጽ ሰባት ፎገራ ሜዳ ላይ ተራራ አቁመዋል። በገጽ አሥራ ሁለት በነሐሴ ፈረስ ያስጋልባሉ። በነሐሴ ይህ አገር ባሕር ነው፤ ታንኳ እንጂ ፈረስ አይሄድበትም። በገጽ ሃያ አማከለች ድንኳን ውስጥ ገብታ ፎቶግራፍ ታጥባለች። ድንኳን አልነበራትም። የምታጥበው ቁሐር መንደር፣ በእናቷ ጎተራ ውስጥ ነበር። እህሉ ሲያልቅ ባዶው ጎተራ ቅንጣት ብርሃን አያስገባም። ውሃውን በነጠላ ታጠልለዋለች፤ መድኃኒቱን ጎንደር ተቀጥራ ከሠራችበት ከአንድ አርመን ፎቶ አንሺ ቤት ነበር ያመጣችው። ስትወጣ ጣቶቿ ቡናማ ይሆናሉ፤ ፀጉሯ ላይ ገለባ ይኖራል።

ይህን ሁሉ በጠርዙ ላይ ጻፍኩላቸው። ገለባውን ሰረዝኩት። ለሥራው አያስፈልግም።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ካሜራዋን እንደያዘች በጥይት ትሞታለች። አማከለች አልሞተችም። አንበሳሜ ትኖራለች፤ ከዚህ አንድ ቀን መንገድ ነው። ያን ገጽ ግን ሳላርመው አለፍኩ። ለምን እንዳለፍኩት ነገ አስብበታለሁ።

መስከረም 26፣ ረቡዕ

አልበሙን አየሁት። ከአንድ መዝገብ ቤት የተገኘ የጣልያኖች አልበም ነው። ሠላሳ አንድ ፎቶግራፍ፣ ሁሉም በጥቁር ወረቀት ላይ በሙጫ ተለጥፏል። ሁሉም የእሷ ሥራ ነው። ፀሐይዋን ሁልጊዜ በሰውየው ግራ ትከሻ በኩል ታደርጋለች፤ ከፊቱ እኩሌታው ብሩህ፣ እኩሌታው ጥላ ይሆናል። ሌላ ሰው እንዲያ አያነሣም።

ሃያ ሁለቱን በስም ለየሁ። ዘጠኙን አላውቃቸውም አልኩ።

ደሳለው መነጽሩን አወለቀ። “ምናልባት ጀርባው ላይ ጽሑፍ ቢኖርስ? በውሃ አርሰን ብናላቅቀው?”

“ይበላሻል።”

“እንዴት አወቁ?”

“አውቃለሁ።”

አመነኝ። አርባ ዓመት አስተማሪ የነበረን ሰው ያምኑታል። ሙጫው አርጅቶ ጠርዙ ለቅቋል፤ ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል። ጀርባው ላይ ምን እንዳለም አውቃለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መስከረም 29፣ ቅዳሜ

የፊልም ሰዎቹ ይታይሽ ጠጅ ቤት ነው የሚበሉት። ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና ቤቱ ሞልቷል። እኔ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። ከቁሐር የመጡ ሰዎች አጠገብ አሉ።

“ላማከለች ነው አሉ ፊልሙ።”

“ለየትኛዋ አማከለች?”

“ስንት አማከለች ታውቃለህ? ለሻጭቷ ነዋ።”

“ጣልያን ስምንት ወር አስሮ ለቀቃት። ጣልያን በነጻ የለቀቀው ሰው ታውቃለህ? ዝንብ እንኳ አይለቅም።”

“ዘጠኝ ሰው ከየጓያ ማሳው ተለቀመ። ዘሩ እጃቸው ላይ እንዳለ።”

ደሳለው ብርሌውን አስቀመጠ። “ማንን ነው የሸጠችው?” አለ። ነገሩት። ሲነግሩት ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ፊቱ ላይ ያየሁት ኀዘን አልነበረም።

ይታይሽ ጠጅ ስትቀዳልኝ ጎንበስ ብላ፣ “የኔታ፣ እርስዎ ያኔ ቁሐር ያስተምሩ አልነበር?” አለችኝ።

“አስተምር ነበር።”

“እና እውነት ነው የሚሉት?”

“ብዙ ዘመን ሆነው።”

“እኔ የጠየቅኩት ዘመኑን አይደለም” ብላ ሄደች።

ጥቅምት 3፣ ረቡዕ

እንቅልፍ የለም። በቅደም ተከተል ልጻፈው። ሳይጻፍ ሃያ ስምንት ዓመት ቆይቷል።

በ1929 ዓ.ም. አማከለች ከጎንደር መሣሪያዋን በአህያ ጭና ወደ እናቷ አገር መጣች። ከአርበኞቹ ጋር ትወጣለች፤ ሲዋጉ ታነሣለች፤ ከዘመቻ ስትመለስ ጎተራ ገብታ ታጥባለች። እኔ ሣጥኗን እሸከማለሁ፤ ወረቀቱን በፀሐይ ሳትም እረዳታለሁ። ሰዎቹ ወደ ውጊያ ከመሄዳቸው በፊት እየመጡ ፊቷ ይቆሙ ነበር። ሬሳው ያልተገኘ ሰው በልብሱና በጠመንጃው ይለቀስለታል። ልብሱም ጠመንጃውም ጠላት እጅ ሲገባ ለቅሶው ላይ የሚያዝ ነገር አይኖርም። ስለዚህ ፎቶግራፉን ወደዱት።

እኔ ግን መልክ ብቻ አይበቃም አልኩ። ቄስ ለሞተ ሰው ፍትሐት የሚፈታው በክርስትና ስሙ ነው። ያ ስም ደግሞ ከእናትና ከንስሐ አባት በቀር ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነው። እናቱ ሞታ፣ የንስሐ አባቱ ተሰድዶ፣ ሰውየው ጫካ ውስጥ ቢወድቅ በምን ስም ይጸለይለታል? ስለዚህ በየፎቶግራፉ ጀርባ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የክርስትና ስሙንና ደብሩን ጻፍኩ።

“ተው” አለችኝ አማከለች። “ፊቱ ይበቃል። ስሙን በልብህ ያዝ።”

“ልብ ይረሳል” አልኳት።

“ይርሳ። ቢያዝብን ወረቀት አይረሳም።”

አልተውኩም። ጽሑፌ ያማረ ነበር።

ፎቶግራፎቹ ከጎተራው ተያዙ። ለዘር ቤታቸው ገብተው የነበሩት ዘጠኙ ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከየማሳቸው ተለቅመው እዚህ ወረታ ተሰቀሉ። ደብሩ ተጽፏል፤ ማን እንደሆነ ተጽፏል፤ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ጎተራው የእናቷ ነው፤ ፎቶግራፉ የእሷ ነው። ሰው ሁሉ እሷ ናት አለ። ጀርባውን ያየ የአገር ሰው የለም።

እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ በጌምድርን ሁሉ እየዞርኩ አስተማርኩ። ጡረታ ስወጣ ወረታ ተመለስኩ፤ ቁሐር አልሄድም።

ያልጻፍኩት ነገር አለ። ዛሬ በቃኝ።

ጥቅምት 8፣ ሰኞ

ደሳለው አንበሳሜ ሄዶ አግኝቷታል። በሕይወት መኖሯን የነገረው የይታይሽ ጠጅ ቤት ነው፤ እኔ አይደለሁም።

“አንድ ቃል አላወጣችም” አለኝ። “ጥጥ እየፈተለች ዝም። ልወጣ ስል ብቻ አንድ ነገር አለች።”

“ምን?”

“መምህሩን ጠይቁት።”

አየኝ። እኔ ቀይ እርሳሱን እቀርጽ ነበር።

“ምን ልጠይቅዎት ነው የምትለው፣ መምህር?”

“ስለ መድኃኒቱ ይሆናል” አልኩ። “ስለ ማጠቢያው።”

እርሳሱ ተሰበረ።

ጥቅምት 11፣ ሐሙስ

ጽጌሬዳን ሳሠለጥን ዋልኩ። አማከለችን ሆና የምትሠራው ናት፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ ቶሎ ትይዛለች። መሣሪያውን እንደ ሕፃን አቅፋው ነበር። “እንዲያ አይደለም” አልኳት። “ግራ እጅ ከሥር፤ ቀኝ እጅ አይነካውም። ማንሣት ከመጀመሯ በፊት አውራ ጣቷን ዘርግታ ጥላው መዳፏ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ ታያለች። ከዚያ ትንፋሿን ትይዛለች። የታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች።”

“የትኛውን ወገን?”

“ግራውን።”

ልጅቱ እጇን አወረደች። “መምህር፣ እርስዎ ለምን አላገቡም?”

ጥያቄው ከሥራው ጋር አይገናኝም አልኳት። ደገመችና አውራ ጣቷን ዘረጋች። በዚህ ጊዜ አልተሳሳተችም። ወደ ውጭ ወጣሁ።

ጥቅምት 17፣ ረቡዕ

አዲስ ገጾች መጡ። አማከለች አትሞትም። ትታሰራለች፣ ትገረፋለች፣ የዘጠኙን ስም ትናገራለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ታለቅሳለች።

“አሁን ሰው ሆነች” አለኝ ደሳለው። “ጀግና ብቻ ስትሆን እንጨት ነበረች። የቁሐር ሰዎችም በዚህ ይስማማሉ። ኅዳር ስድስት እዚያው እናነሣዋለን። የሟቾቹ ዘመዶች ራሳቸው ይገባሉ።”

ገጾቹን አነበብኩ። አንድ ስህተት አገኘሁ። ሰዎቹ የተያዙት በጥቅምት ሆኖ ሳለ በኅዳር ብለዋል። በቀይ አረምኩት። ለደሳለው መለስኩለት። “እናመሰግናለን፣ መምህር” አለኝ።

ሌላ ስህተት አላገኘሁም። እንዲህ ብዬ ነው የመለስኩለት።

ጥቅምት 19፣ ዓርብ

ራስ ምታት። ሥራ አልሄድኩም። ፋኖሱን ሳላበራ ዋልኩ፣ አመሸሁ።

ጥቅምት 25፣ ሐሙስ

ከብዙ ዓመት በኋላ ቁሐር ሚካኤል ሄድኩ። ልምምድ ነበር። ውሃው ሸሽቷል፤ ሰዉ ጓያ እየዘራ ነው። ደሳለው ተውኔቱን ለዘመዶቹ አስረዳ። ጽጌሬዳ ከእስር ተፈትታ ትመጣለች፤ እነሱ ይረግሟታል።

ከፊት የቆመችው እመት ገላነሽ ናት። ባሏ ማረው ከዘጠኙ አንዱ ነው። ስትረግም ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። “ዘርሽ አይብቀል” አለቻት። “የእናትሽን መቃብር አትይው። ውሃ ስትጠጪ ደም ይምሰልሽ።” ከዚያ ወደፊት ሄዳ ፊቷ ላይ ተፋችባት። በጽሑፉ ላይ አልነበረም።

ጽጌሬዳ ምራቁን ሳትጠርግ ቆመች። ደሳለው፣ “ድንቅ ነው። ለዕለቱ አስቀምጡት” አለ።

እመት ገላነሽ ወደ እኔ መጣች። “መምህር፣ ይህች ልጅ ናት፤ ምን አጠፋች። ይቅር ትበለኝ። ያችን ያየሁ መስሎኝ ነው” አለችኝ።

እውነቱን አልነገርኳትም። ምንም። ለእሷ እንኳ።

ኅዳር 2፣ ሐሙስ። አንበሳሜ ደርሼ ተመልሻለሁ

ትናንት ወጣሁ፤ በጭነት መኪና እስከ ሐሙሲት፣ ከዚያ በእግር። አማከለች ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ፀጉሯ ነጥቷል። አላወቀችኝም ብዬ ስሜን ልናገር ስል፣

“መንጌ፣ ብርሃኑን ጋረድከኝ” አለች።

ዞር አልኩላት። መንጌ ብሎ የሚጠራኝ ሰው በዓለም ላይ ሌላ የለም። ለሰው ሁሉ መምህር መንግሥቴ ነኝ።

“መምህሩን ጠይቁት ብለሽ ልከሽብኛል።”

“ጠየቁህ?”

“ጠየቁኝ።”

“ነገርካቸው?”

“አልነገርኳቸውም።”

“እኔም አልነገርኩም። እኩል ነን” አለችና ሳቅ አለች። ጥርሶቿ ጎድለዋል።

ፊልሙ ውስጥ ሰዎቹን እንደሸጠች አድርገው ሊያነሷት መሆኑን ነገርኳት። እንዝርቷን አላቆመችም። “ፊልሙን ለዚያ ባለ መነጽር ተውለት። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። እናቴ የተቀበረችው ቁሐር ነው። ሞተች ሲሉኝ እስር ቤት ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ቅጽሩን አልገባሁም። ብገባ ሴቶቹ በድንጋይ ይሉኛል። መቃብሯን ሳላየው ልሞት ነው።”

“ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ?”

“ምን ልበል? ስም የጻፍከው አንተ ነህ። ፎቶግራፎቹን አዘግይቼ የሰጠሁህ ግን እኔ ነኝ። ሐሙስ ማለዳ ጣና ደሴት ላይ ወዳለው ገዳም ላክና አስደብቃቸው ብልህ ኖሮ ታንኳው ይወስዳቸው ነበር። ቀትር ላይ ሰጠሁህ። ታንኳው ሄዷል ብለህ ላክህብኝ። ስለዚህ የኔም እጅ አለበት አልኩ። ደግሞ ያኔ ብናገር የሟቾቹ ወንድሞች አንተን ይገድሉህ ነበር። ዘጠኝ ይበቃል፤ አሥር አይሁን አልኩ።”

ያልጻፍኩት ይህ ነው። አሁን እጽፈዋለሁ።

“ታንኳው አልሄደም ነበር” አልኳት።

እንዝርቱ ቆመ።

“ሐሙስም ነበረ፤ ዓርብም ነበረ። የሦስት ሰዎች የክርስትና ስም ባዶ ነበርና ሳይሞላ አላስረክብም ብዬ ነው። ሄዷል ብዬ ዋሸሁሽ። ፎቶግራፎቹ ያሉበትን ማኅደር ሳታውቂ እናትሽ ጎተራ ውስጥ አኖርኩትና ስሞቹን ፍለጋ ሄድኩ። ቅዳሜ ፈተሹ።”

ዶሮዋ ደጁን ቆፍራ ጨረሰች።

“ሦስቱ እነማን ነበሩ?”

ነገርኳት።

“ስማቸውን አገኘኸው?”

“የሁለቱን።”

ጥጧን ሰበሰበች። “እናቴን ፎቶግራፉ የት ነው እያሉ አልነበረም የገረፏት። ፎቶግራፉ ጎተራዬ ውስጥ መኖሩን አላውቅም ስትል ውሸት ነው እያሉ ነው። አላወቀችም ነበር ማለት ነው።” ተነሣች። በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። “ሂድ።”

ኅዳር 3፣ ዓርብ

በእግር ሐሙሲት ድረስ የመጣሁበትን መንገድ አላስታውስም። ጫማዬ ላይ የማን ማሳ አፈር እንደሆነ አላወቅኩም።

አልበሙ እኔ ዘንድ ነው። ፎቶግራፎቹን ባላቅቅ ማንም አያየኝም። ብቻዬን ማየቱ ምን ይረባል።

ኅዳር 5፣ እሑድ

እንደሆነው እጽፋለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ቁሐር ሚካኤል ደጀ ሰላም አጠገብ ዘመዶቹ ተሰብስበው ነበር። ደሳለው የነገውን ሊያስረዳቸው ነው። እኔ አልበሙን ይዤ መጣሁና ለብ ያለ ውሃ በሣህን ስጡኝ አልኩ። አንዲት ሴት አመጣችልኝ። የማረው ፎቶግራፍ ያለበትን ገጽ ቀድጄ ውሃው ውስጥ አስተኛሁት።

“መምህር፣ ይበላሻል ብለውኝ አልነበር?” አለ ደሳለው።

“ዋሽቼህ ነው።”

ሰዉ ዙሪያውን ቆመ። እስኪለቅ ድረስ ከመጠበቅ በቀር የሚደረግ የለም። የማረው ፊት ከውሃው ሥር እኩሌታው ብሩህ፣ እኩሌታው ጥላ ሆኖ ያየናል። እመት ገላነሽ ካየችው ሃያ ስምንት ዓመት ነው። ልትነካው እጇን ዘረጋችና መለሰችው።

ወረቀቱ ለቀቀ። ገልብጬ ለቄስ ኃይለ ሚካኤል ሰጠሁ። ቁሐር ሳስተምር ፊደል ካስቆጠርኳቸው አንዱ ናቸው። ጽሑፉን በብራና ቀለም ስለጻፍኩት ውሃ አላጠፋውም።

ቄሱ አነበቡ። “ማረው ወርቁ። የክርስትና ስሙ...” አሉና ቆሙ። “ባዶ ነው። ደብሩ ቁሐር ሚካኤል።” ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። “ይህ የእርስዎ እጅ ነው።”

“የእኔ ነው” አልኩ። “ዘጠኙም ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አማከለች አትጻፍ ብላኛለች። ፎቶግራፉን ወደ ገዳም ላክ ብላም ሰጥታኛለች። ሦስት ቀን ያቆየሁት እኔ ነኝ። ጎተራው ውስጥ ያኖርኩትም እኔ ነኝ። እሷ ስም አልተናገረችም። ስምንት ወር ታስራ የእኔን ስም እንኳ አልተናገረችም።”

“ሦስት ቀን ለምን አቆየኸው?” አለች እመት ገላነሽ። ከ‘እርስዎ’ ወደ ‘አንተ’ ወረደች፤ ተገቢ ነው።

“ስሙ እንዲሞላ ብዬ። የማረውን የክርስትና ስም ከንስሐ አባቱ ልጠይቅ ውሃ ተሻግሬ ሄጄ ነበር። አላገኘኋቸውም።”

ገላነሽ ወረቀቱን ከቄሱ እጅ ወሰደች። ማንበብ አትችልም፤ ባዶውን ቦታ ግን አየችው።

“ወልደ ገብርኤል ነበር” አለች። “ቤቴ ከትምህርት ቤትህ የድንጋይ ውርወራ ነው። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።”

ሚስት ታውቃለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። የሚታመነው የንስሐ አባት ቃል ነው ብዬ ነው። ይህንም ተናገርኩ።

አንድ ሽማግሌ ዱላውን አነሣ፤ ቄሱ እጁን ያዙት። “ሽማግሌ ያየዋል። ሰንበት ነው” አሉ። ደሳለው ለካሜራ ያዡ ምልክት ሲሰጥ አየሁት። ጽጌሬዳ ሌንሱ ላይ ነጠላዋን ጣለችበት።

እመት ገላነሽ መሬት ተቀምጣ ቀረች። ሴቶቹ ሊያነሷት ሲሉ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ “ሰው አይደለሁም እኔ። ይህን ሁሉ ዓመት ረግሜያታለሁ። የወጣ እርግማን በምን ይመለሳል?”

ያንን መንገድ ብቻዬን ነው የተመለስኩት። አልበሙን እዚያው ትቼዋለሁ።

ኅዳር 7፣ ማክሰኞ

የፊልም ሰዎቹ ሄዱ። ዘመዶቹ አንገባም አሉ፤ ያለ እነሱ ደግሞ አይሆንም። ደሳለው ሊሰናበተኝ መጣ።

“አማከለችን አዳኑልኝ፤ ፊልሜን ገደሉብኝ” አለ። ተቀይሞ አልነበረም። “ፊልሙ ስለ እርስዎ እንዲሆን አዲስ አበባን ብጠይቅስ?”

“አይሆንም።”

“ለምን?”

“ፎቶግራፉን ያነሣችው እሷ ናት።”

ጽጌሬዳ እጄን ሳመችኝ። እንዳትስመኝ ልይዛት ብል አልደረስኩባትም።

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

ሽማግሌዎቹ መጡ። ከሚካኤል በኋላ ነገሩን እናያለን፤ እስከዚያ እንዳይነኩዎት የሟቾቹን ወገኖች ቃል አስገብተናል፤ እርስዎም በመንገዳቸው አይቁሙ አሉኝ። እሺ አልኩ። ሁለት ሽማግሌ ወደ አንበሳሜ ተልኳል። እመት ገላነሽ ካልሄድኩ ብላ አብራቸው ሄደች።

ኅዳር 10፣ ዓርብ

ይታይሽ ጠጅ ቤት ገባሁ። ጥጉ ላይ ያሉት ተነሥተው ወጡ። ይታይሽ ቀዳችልኝ፤ ጎንበስ አላለችም። የኔታም አላለችኝም። ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ኅዳር 12፣ እሑድ፣ ቅዱስ ሚካኤል

አልሄድም ብዬ ነበር። ሄድኩ።

ቅጽሩ ውስጥ አልገባሁም። ከበሩ ማዶ፣ ከመንገዱ ባሻገር ካለችው ሾላ ሥር ቆምኩ። በመንገዳቸው አይቁሙ ብለውኛል፤ እዚያ ግን የማንም መንገድ አይደለም። ማንም ሂድ አላለኝም። ማንም ግባ አላለኝም። ቄስ ኃይለ ሚካኤል ሲያልፉ ጎንበስ አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለቤተ ክርስቲያኑ አልለየሁም።

ታቦቱ ከወጣ በኋላ መጣች። በበቅሎ ነው ያመጧት። እመት ገላነሽ ልጓሙን በእጇ ይዛ ትመራለች፤ ለማንም አልሰጥ ብላ ነው አሉ። በሩ ጋ ስትደርስ አማከለች ወረደች። ሴቶቹ ከሁለት ተከፈሉላት። እልልታ አልነበረም። አንዷ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች፤ ከዚያ ሌላዋ። አማከለች መሬቱን ስማ ገባች። ወዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ። በሰሜኑ በኩል፣ ከግራሮቹ ሥር። ከቆምኩበት አይታይም።

ታቦቱ ገባ። ሰዉ በየማኅበሩ ተቀመጠ። የመብል ድምፅ፣ የሳቅ ድምፅ ይሰማኛል። ፀሐይዋ ከአናቴ አለፈችና ፊቴን መታችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ።

ስገልጥ አማከለች በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። መንገዱን ተሻገረች። ዓይኗ ያበጠ ነው። ሁለት ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች።

እሷ ዛፏን ነበር የምታየው።

“በየዓመቱ በዚች ቀን እዚህ እቆም ነበር” አለች። “ፊቴን ሸፍኜ። ማንም አላወቀኝም።” አውራ ጣቷን ዘርግታ መዳፏን አየች። “ከዚህ ሰዓት በኋላ ጥላው በዚያ ወገን ነው።”

ተመልሳ ገባች።

ወደ ሾላዋ ጥላ ወገን ተሻግሬ ቆምኩ።